በተዘጋው ሱቅ ውስጥ የመረጥነው ፓውደር

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ የእህት ልጅ ሐያት፣ «እትዬ ዘሐራ፣ በአላህ አብረውኝ ይሂዱ፤ ብቻዬን ከገባሁ የማይሆነውን ገዝቼ ነው የምወጣው» ብላ ጎትታ፣ በአዲሱ ባቡር አሳፍራ፣ በስተሰሜን ወዳለ አንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ወሰደችኝ። ሐያት ቡና መሸጫ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ፊት ቆማ ትውላለች፤ ፊቷ ደግሞ ወዛም ነው። ቀትር ሳይደርስ ግንባሯና አፍንጫዋ ያብለጨልጫል። ሱቁ ውስጥ ፊቷን የገለጠች ሳዑዲያዊት ወጣት «ተቀመጪ ሐቢብቲ» ብላ ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ በመብራት በተከበበ መስታወት ፊት አንዱን ፓውደር በግራ ጉንጯ፣ ሌላውን በቀኝ ጉንጯ ላይ በብሩሽ ነካ ነካ አደረገችላት። «አሁን ዞር ዞር በይና ተመለሺ፤ የትኛው ወዝሽን እንደያዘልሽ እናያለን» አለቻት። እኔ ከጎን ቆሜ ነበር። የሦስተኛው ክዳን ሲከፈት የጽጌረዳ ውሃና የሩዝ ዱቄት የመሰለ ሽታ ሽው አለኝ። እጄ የመደርደሪያውን ጠርዝ ያዘ። «ምነው እትዬ? አመመዎት እንዴ?» አለች ሐያት። «አላመመኝም ልጄ፤ አንዲት ሰው ትዝ ብላኝ ነው» አልኳት።

እኔ በሐያት ዕድሜ ሳለሁ፣ እዚሁ ከተማ፣ የሴት ፓውደር የሚሸጡልን ወንዶች ነበሩ። ባጥሐ በሚባለው አሮጌ ገበያ ውስጥ፣ ከገንዘብ መላኪያዎቹ ጀርባ በነበረው ቀጭን መንገድ፣ ሽቶና ኩል፣ ሒናና የፀጉር ቅባት የሚሸጡ ጠባብ ሱቆች ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተው ይታዩ ነበር። ሻጮቹ አብዛኞቹ የመኖች ናቸው፤ ከመስታወቱ መደርደሪያ ኋላ ቆመው ዓይናቸውን ሰበር አድርገው ያስተናግዳሉ። እኛ ከራሳችን እስከ እግር ጥፍራችን በጥቁር ተሸፍነናል። የዛሬዎቹ ልጆች የሚለብሱት ዓይነት ቡኒና ሰማያዊ ዓባያ፣ ደረቱ የተከፈተ፣ ያን ጊዜ የለም፤ ጥቁር ነው፣ ከራስ ላይ የሚወርድ ነው፣ አቧራ የሚጠርግ ነው። ፊት ገልጦ ፓውደር መሞከር የማይታሰብ ነገር ነበር። ስለዚህ እጃችንን እንዘረጋለን፤ ሻጩ በጥጥ ትንሽ ነክቶ ያቀብለናል፤ የእጃችን ጀርባ ላይ ቀብተን እናያለን። የእጅ ጀርባ ግን የፊትን ያህል ወዝ አያወጣም፤ እጅ ላይ ያማረው ፓውደር ፊት ላይ ሲወጣ ሊጥ ይሆናል። ቤት ገብተን በትንሿ መስታወት ስናየው አመድ የተነሰነሰብን መስለን እርስ በርስ ተሳስቀናል። ደህና የሚባለው ባለ አሥር ሪያሉ ነበር። እሱን መግዛት ያቃታት ሁሉ ደራሿ የሕፃን ፓውደር ነው፤ እኛ ሐበሾች በምንኖርበት መንፉሐ ሰፈር ልጅ የሌለባቸው ቤቶች ሁሉ የሕፃን ፓውደር ነበራቸው።

እኔ ያኔ በሳምንቱ ቀናት መንሱራ በሚባል ሰፈር አንድ የሴቶች ማስዋቢያ ቤት እሠራለሁ፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ መንፉሐ ባለችው ክፍሌ የአገሬን ልጆች ፀጉር እሠራለሁ፣ ሒና እቀባለሁ፣ ሙሽራ አስጌጣለሁ። ክፍሌ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ነበረች፤ የዳቦው ሙቀት በወለሉ፣ የፀሐዩ ሙቀት በጣሪያው ይገናኙብኛል። ከታች፣ መታጠፊያው ላይ፣ ካሴት የሚሸጥ አንድ ሱዳናዊ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ የአገሩንም የአገራችንንም ዘፈን እያፈራረቀ ያሰማ ነበር፤ የኛው ሲደርስ የሕንፃው መስኮቶች አንድ በአንድ ገርበብ ይላሉ። የመኪና ድምፅ ሲሰማ ደግሞ፣ ፖሊስ እንዳይሆን ተብሎ፣ ዘፈኑ ቁርጥ፣ መስኮቱ ግጥም። እንዲህ ነበር የምንኖረው፤ አንድ ጆሯችን ዘፈን፣ አንድ ጆሯችን መንገድ ላይ።

ትዝ ያለችኝን ሰዓዳን ወደ እኔ ያመጣት ሰይድ የሚባል የአጎቷ ልጅ ነው። የከሚሴ ልጅ ናት፤ አሠሪ ካፊሏ ቤት እረፍት የሚባል ነገር ስታጣ ጥላ ወጥታ፣ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ሰይድ ቤት ተጠግታ ነበር የምትኖረው። ሰይድ ጅዳ የሚኖር ኑርሁሴን የሚባል ጓደኛ አለው፤ የቤት ሾፌር ነው። አንድ ቀን ኑርሁሴን ለሰይድ ሲደውል ሰይድ አልነበረምና ስልኩን ሰዓዳ አነሳችው። «ወንድሜ፣ ሰይድ ሥራ ላይ ነው፤ ማን ልበልልህ?» አለችው። በማግስቱም ደወለ፤ አሁንም ሰይድ የለም። በሦስተኛው ሰይድ ራሱ ቢያነሳው፣ «አንተን አልነበረም የፈለግኩት» አለው አሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ። መንገዱ ረጅም ነው፤ እሷ መንቀሳቀስ አትችልም፤ እሱን ደግሞ ካፊሉ አይለቀውም። ሳይተያዩ ተዋደዱ። እሱ ፎቶውን በሰው ላከላት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከነጭ መኪና አጠገብ የቆመ። የሷን ሲጠይቃት ነው ጣጣው የመጣው።

አገር ቤት ቢሆን ወዝ ያለው ፊት ይመሰገናል። «ወዟ የሚያምር» ይባላል፤ ወዝ ጤና ነው፣ ጥጋብ ነው፣ ጸጋ ነው። ሰዓዳ ግን ያንን ወዝ ይዛ ለዓመታት የሰው ምድጃ ሥር ስትቆም፣ ፊቷ ብጉር አወጣ፤ ብጉሩ ሲሄድ ጠባሳውን ትቶ ሄደ። ፎቶ ልትነሳ ስትል የሕፃን ፓውደር ፊቷ ላይ ነሰነሰችበት። አንሺዋ ዓርብ ዓርብ የቤት ሠራተኞችን በየክፍላቸው የምታነሳ ፊሊፒናዊት ነበረች፤ የካሜራዋ መብራት ዓይን ያጠፋል። ያ መብራት በዚያ ነጭ ዱቄት ላይ ሲያርፍ ፎቶው ላይ የወጣችው ሌላ ሴት ሆነች፤ ነጭ፣ ልስልስ፣ አንድ ነጥብ የሌለባት። ሰዓዳ ፎቶዋን ስታየው ደነገጠችም፣ ደስም አላት። ላከችው። ኑርሁሴን ደውሎ፣ «ወላሂ ጨረቃ ነሽ፤ እንዲህ መሆንሽን ደብቀሽኝ ኖረሻል» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላሟን አጣች። ኑርሁሴን በመጨረሻ ከካፊሉ ፈቃድ አግኝቶ ሠርጉ ሲቆረጥ፣ ፎቶዋን ልምሰል ብላ ቤት ለቤት ከምትዞር ሻጭ ምልክት የሌለው የሚያነጣ ክሬም ገዝታ ማታ ማታ መቀባት ያዘች። ነጭ አላደረጋትም፤ አቃጠላት። ጉንጮቿ ላይ ቆዳዋ ተላጠ፤ የተላጠው ቀላ፣ ያልተላጠው ጠቆረ፤ ወዙ ደግሞ ባሰበት።

ሰይድ እኔ ክፍል ሲያመጣት ኒቃቧን አላወልቅም አለች። እሱ ሲወጣ ነው ያነሳችው። እኔ የሙሽራ ፊት አይቼ የማላውቅ አይደለሁም፤ ግን ጉንጯን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ ደጋግሜ አየሁት።

«ተናገሪ እንጂ» አለችኝ።

«ክሬሙን ዛሬውኑ ጣይው። ሁለተኛ እንዳትነኪው።»

«እሱን ጥያለሁ። አንቺ ግን እንደ ፎቶዋ ታደርጊኛለሽ? እህቴ፣ አንድ ቀን ብቻ። አንዴ ኒካው ይታሰር።»

«ሲነጋስ?»

«ሲነጋ አላህ ያውቃል» አለች።

ፓውደር ለመምረጥ ባጥሐ መሄድ ነበረብን። እኔ ያለኝ ለሌሎች ቆዳ የሚሆን ነው፤ የሷ የተቃጠለ፣ የሚያልበው፣ ወዝ የሚተፋ ፊት ነው፤ ሳይሞከር አይሆንም። «አንቺ ሂጂና አምጪልኝ» ብትለኝ ኖሮ እሷን ባላስወጣኋት፤ ግን «በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ብላ ድርቅ አለች። ሱቆች የሚዘጉበት ዓስር፣ የከሰዓቱ ሶላት፣ ሳይደርስ እንመለሳለን ብለን ወጣን። የዛሬው ባጥሐ ሰፍቷል፣ ተጠርጓል፤ ባለፈው ሳምንት ባቡሩ በሥሩ ሲያልፍ እንኳ እዚያ መሆናችንን ያወቅኩት ከጽሑፉ ነው። ያን ጊዜ ግን ትከሻ ከትከሻ ሳይጋጭ አይታለፍም፤ የተጠበሰ ጉበት፣ የላብ፣ የጋዝና የዑድ ሽታ ተደባልቆ ይቀበልሃል። ሰዓዳ ክንዴን ይዛ ነበር።

የገባንበት ሱቅ የአቡ ሳሊም ነበር፤ ሸምገል ያለ፣ ጢሙን ሒና የሚቀባ የመን። ደንበኛው ነኝ፣ ያውቀኛል፤ ግን ከ«አሰላሙ ዓለይኩም»ና ከዋጋ በቀር ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። «ለወዛም ፊት፣ ለጠይም» አልኩት። ነጩን አወጣ፤ ቢጫ ቢጫ የሚለውን አወጣ። ሰዓዳ እጇን ዘረጋች። ገና ጥጡን ሲያቀብለን ከውጭ የአዛን ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያውም «ሶላት! ሶላት! ዝጉ!» የሚል ድምፅ ከመንገዱ መጣ። የሱቆቹ የብረት መዝጊያዎች ግር ግር እያሉ መውረድ ጀመሩ። ሰዓቱን ተሳስተን ነበር። «ያላ እንውጣ» ብዬ ወደ በሩ ስዞር፣ በመንገዱ አፍ ላይ የጀዋዛት፣ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች፣ አውቶቡስ ቆሟል። ሰዎች ከየሱቁ እየወጡ ወደዚያ ይፈስሳሉ፤ እዚያ ጋ «ኢቃማ! ኢቃማ!» ይባላሉ። አንዱ ልጅ ሲሮጥ ጫማው ወልቆ ቀረ። ሰዓዳ እንደ ግንድ ደረቀች። ክንዴን የያዘችበት ቦታ ለቀናት በልዞ ነበር።

አቡ ሳሊም መንገዱን አየ። እኛን አየ። የተዘጋ ሱቅ ውስጥ ሴት ቢገኝበት ሱቁም ኑሮውም እንደሚያከትም እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። «ውጡ» ይለናል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን መብራቱን አጠፋ፤ ማቀዝቀዣውን አጠፋ፤ የሶላት ምንጣፉን ከመደርደሪያው ላይ አንስቶ ብብቱ ሥር አደረገ። ወጣና መዝጊያውን እስከ መሬት ጎትቶ አወረደው። ቁልፉ ከውጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ።

«ቆለፈብን» አለች ሰዓዳ በሹክሹክታ። «ሊጠራቸው ነው የሄደው።»

«አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

በምን አውቃለሁ? አላውቅም። ሙቀቱ ወዲያው ነው የወረደብን፤ ሽቶው ሁሉ ከየጠርሙሱ ወጥቶ አንገታችንን ያነቀን መሰለኝ። ከመዝጊያው በላይ በነበረች ትንሽ መስኮት የዓስር ፀሐይ ገብታ መደርደሪያው ላይ እንደ ሰሌን ተዘርግታለች። ከውጭ ሩጫ ይሰማል፤ አንዲት ሴት በአማርኛ «ልጄን! ልጄን ልያዝ!» ስትል ይሰማል፤ ከዚያ የአውቶቡስ በር ሲዘጋ። ሰዓዳ ልትጮህ አፏን ስትከፍት እጄን በኒቃቡ ላይ ጫንኩት። ራሷን ልትስት ነው ብዬ ፈራሁ፤ ትንፋሽ አጥሯታል። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ኒቃቧን አወለቅኩላት። ባጥሐ መሃል፣ ገበያ መሃል፣ ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ነካው።

እዚያው መደርደሪያ ላይ ሻጩ ያወጣቸው ፓውደሮች ክዳናቸው እንደተከፈተ ተቀምጠዋል። «ነይ» አልኳት፤ «ተቀመጪ። መምረጥ አይደል የመጣነው?» እብደት ነበር። ግን እጅ ሥራ ሲይዝ ልብ ትንሽ ይረጋል። በሶፍት ፊቷን ሳላሽ፣ ተጭኜ ብቻ፣ ወዙን አነሳሁት። መጀመሪያ ነጩን በስፖንጅ ነካሁላት፤ በዚያ ብርሃን ግራጫ ሆነች፣ የሬሳ መልክ። ጠረግኩት። ቢጫውን ሞከርን፤ ጥሩ የመጣ መሰለኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ከላቧ ጋር ተጣብቆ፣ ተሰንጥቆ፣ እንደ ደረቀ ጭቃ በየጠባሳው ጠርዝ ተሰበሰበ። ፍጹም መሞከሪያ የሚሆን ቦታ ቢኖር ያ ሱቅ ነበር፤ ሙቀት አለ፣ ላብ አለ፣ ፍርሃት አለ። ጎንበስ ብዬ ታችኛውን መሳቢያ ከፈትኩ። ለሱዳኖች የሚያመጣው ይሆናል፣ አቧራ የጠጣ ክብ ቆርቆሮ አገኘሁ፤ ቡናማ፣ እንደ ሐር የላመ፣ የጽጌረዳ ውሃና የሩዝ ሽታ ያለው። በጣም ትንሽ አንስቼ አፍንጫዋና ግንባሯ ላይ ተጫንኩት፤ የተላጠውን ቦታ ዘለልኩት።

በዚህ መሃል መዝጊያው ተናጋ።

አንድ ሰው ቁልፉን ይዞ ነቀነቀው። ጥላው ከመዝጊያው ሥር ብርሃን በሚገባበት ስንጥቅ ላይ ቆመ። ስፖንጁ እጄ ውስጥ እንዳለ፣ እጄ ጉንጯ ላይ እንዳለ ቀረሁ፤ የልቧን ምት በጉንጯ በኩል እሰማዋለሁ። ጥላው አልሄደም። የሆነ ነገር ተናገረ፤ ሌላ ድምፅ መለሰለት። ከዚያ እርምጃ፣ ሌላ መዝጊያ ሲነቀነቅ፣ ሌላ፣ እየራቀ፣ እየራቀ።

እጄን ሳነሳ ፊቷን አየሁት። ላቡ በአንገቷ ወርዷል፤ ዓባያዋ ርሷል። ግንባሯ ግን ደረቅ ነው። ወዙ አልወጣም፤ ፓውደሩም አልታየም፤ የራሷ ጠይም መልክ፣ ረጋ ያለ፣ የማያብለጨልጭ። ጠባሳው አለ፤ ቃጠሎውም አለ። ክቡን መስታወት አቀበልኳት። ወደ ፀሐይዋ አዙራ ረጅም ጊዜ አየች።

«እኔን መሰልኩ» አለች። ወዲያው እንባዋ መጣ። «እሱ ግን ይቺን አያውቃትም፣ ዘሐራ።»

አቡ ሳሊም ብቻውን ነበር የተመለሰው። መዝጊያውን እስከ ወገብ ድረስ ብቻ ከፍ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ሰዓዳ ኒቃቧን እስክትመልስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ኸላስ፣ ሄደዋል» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ፣ «እህቴ፣ እሷን ሁለተኛ እዚህ እንዳታመጪብኝ። ልጆች አሉኝ» አለኝ። ቡናማውን ያዝን። ስንወጣ ሰዓዳ ነጩንም ጨምራ እንደገዛች ያወቅኩት ግን ኋላ ነው።

ሠርጉ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በሰይድ ቤት ሆነ። እንግዳው አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት እየሆነ ገባ፤ በር ላይ ጫማ ተከምሮ ጎረቤት አይቶ እንዳይጠቁም ሁሉም ጫማውን ይዞ ነው የሚገባው፤ ኮሪደሩ ላይ ድስቱና ጫማው ተደባልቆ ነበር። ወንዶቹ በአንዱ ክፍል፣ እኛ በሌላው፤ መሃላችን ቀጭን ግድግዳና መጋረጃ። ሙሽራዋን ላስጌጥ ስቀመጥ ሰዓዳ ከጉያዋ ሁለት ቆርቆሮ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች፤ ቡናማውን ከነነጩ። ሴቶቹ ተነሡ።

«ምን ጥያቄ አለው? ነጩ ነዋ!» አለች አንዷ። «ሰውዬው በፎቶ ነው የመጣው።»

«ዛሬን ትሸፍን። ወንድ ልጅ አንዴ ካሰረ አሰረ ነው» አለች ሌላዋ።

ሰዓዳ እኔን አየችኝ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ያዘዝሽኝን እቀባለሁ» አልኳት። «ነጩ ግን ይሄን ሙቀት አይችልም። እሱ እስኪገባ ቢቆይ፣ እስኪወጣ አይቆይም።»

ያን ጊዜ መኪፉ ቀጥ አለ። ሰው በዝቶ፣ ምድጃው ነዶ፣ የቤቱ መብራት ማቀዝቀዣውን መሸከም አቃተው። ክፍሉ ወዲያው እንደ ምጣድ ጋለ። ሰዓዳ ግንባሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ከዚያ ቡናማውን ወደ እኔ ገፋችው። ወዟን በሶፍት አነሳሁ፣ እንደዚያን ቀን ስስ አድርጌ ተጫንኩላት፣ ኩሏን ኳልኩ። ጨርሻለሁ ስላት፣ «ሰይድን ጥሩልኝ» አለች። ሰይድ በመጋረጃው መጣ።

«ኑርሁሴን ይምጣ» አለችው። «ኒካው ሳይታሰር ፊቴን ይየው።»

«አብደሻል? ሼሁ ተቀምጠው፣ ሰውየው ከጅዳ መጥቶ፣ ሽማግሌው ሁሉ እያየ? ልታዋርጂን ነው?»

«ካየኝ በኋላ ከሚፈታኝ፣ ሳያስረኝ ይተወኝ። እለምንሃለሁ ወንድሜ።»

ሰይድ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ከግድግዳው ወዲያ ጉርምርምታው ጸጥ አለ። ሁሉም ሰምቷል። የሼሁ ድምፅ ነው ከዚያ የመጣው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፦ «ሐቅ አላት፤ እሱም ማየት ሐቁ ነው። አንተ ሰይድ፣ አብረኸው ግባ።»

ኑርሁሴን ገባ። ፎቶው ላይ እንዳለው ረጅምና ቀጭን ነው፤ አዲሱ ነጭ ጀለቢያው ላይ የአስተጣጠፉ መስመር ገና አልጠፋም። ሰዓዳ ራሷ ናት ሻሹን ያነሳችው። ከኩሽና ድስቱ ሲንተከተክ ይሰማል። አያት። ከደረት ኪሱ ፎቶዋን አወጣ፤ ፎቶዋን አየ፣ መልሶ እሷን አየ።

«ይቺስ ማን ናት?» አለ።

«እኔው ነኝ። ዱቄትና መብራት ነው።»

«ጉንጭሽ ላይ ያለው ቃጠሎስ?»

ጣቷን ታፍተለትላለች። እኔ ልመልስላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፦ «ፎቶዋን ለመምሰል ብዬ ክሬም ቀባሁ።»

«እኔ ጨረቃ ስላልኩሽ?»

አንገቷን ደፋች። ፊቱ ላይ ምን እንዳለ ማንበብ አልቻልኩም፤ ቁጣም ይመስላል፣ ሕመምም ይመስላል። ፎቶዋን ትራሱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠና ዞሮ ወጣ። መጋረጃው እየተወዛወዘ ቀረ።

ይህን ለሐያት ስነግራት፣ በገበያ አዳራሹ ሱቅ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን፣ ሁለቱን ጉንጮቿን ረስታ እጄን ጨብጣ ነበር፤ «እና? ትቷት ሄደ?» እያለች። እኛም ያን ጊዜ ያልነው እንዲሁ ነው። የውጭው በር ሲከፈት ሰማን። አንዷ ሴት በቀስታ «ሄደ» አለች። «ነጩን ብትቀባ ኖሮ» የሚል ነገርም ከኋላ ሰማሁ። ሰዓዳ አላለቀሰችም፤ ዓይኗን መሬቱ ላይ ተክላ፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ታደርግ እንደሆን አላውቅም። ወንዶቹ ክፍል ሰይድ ከማን ጋር እንደሆነ እንጃ፣ ይጨቃጨቃል። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

በሩ እንደገና ተከፈተ። ኋላ ራሱ እንደነገረን፣ ግቢው ውስጥ ካለው በርሜል ውሃ ቀድቶ ፊቱን ታጥቦ፣ ውዱ አድርጎ ነው የተመለሰው፤ «የሰው ፊት በምላሴ አቃጥዬ በዚያው አፌ ኒካ ላስር አልቻልኩም» አለን። የዚያን ጊዜ ግን የሰማነው የሼሁን ድምፅ ብቻ ነው፤ ኹጥባውን ሲያነቡ፣ የአባቷን ስም ሲጠሩ፣ ሲጠይቁት። ከዚያ የሱ ድምፅ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ጠንከር ብሎ፦

«ቀቢልቱ።» ተቀብያለሁ።

እልልታው ከጉሮሯችን ሊፈነዳ ሲል ሰይድ በመጋረጃው በኩል «ዝም! ዝም! መኪና አለ!» አለ። ምን እናድርገው? አንዷ ሻሿን አፏ ላይ ጨመቀች፣ አንዷ ትራስ አነሳች፤ እኔ ክንዴን ነክሼ እልል አልኩ። ክፍል ሙሉ ሴት አፉን አፍኖ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባና ላብ እየተደባለቀበት እልል አለ። መኪናው በመንገዱ አለፈ። ዞር ብዬ ሰዓዳን ሳያት ወዟ በግንባሯ ላይ መውጣት ጀምሯል። ሙሽራ ናትና፣ እሱም ሊገባ ነውና፣ ቆርቆሮውን ከፍቼ ስፖንጁን ሳነሳ እጄን ያዘችኝ።

«ተይው» አለችኝ። «አይቶኛል።»

ኑርሁሴን የጅዳውን ካፊል ትቶ፣ መንሱራ ውስጥ በአንዲት ክፍል አብረው ኖሩ፤ ፊቷም ውሎ አድሮ ዳነ፤ ጠባሳው ትንሽ ቀረ። ከዚያ በአንደኛው የአፈሳ ሰሞን ሁለቱም ተርሒል፣ የተባራሪዎች ማቆያ፣ ገብተው፣ አንድ አውሮፕላን ላይ፣ በለበሱት ልብስ አገራቸው ገቡ። ከሚሴ አጠገብ ነው ያሉት፤ እሱ ሚኒባስ ይነዳል፣ እሷ የቅመማ ቅመም ሱቅ አላት። አምና ትልቋ ልጃቸው ስታገባ ቪዲዮውን ላኩልኝ። ሜዳ ላይ ነው የተደገሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፤ ሰዓዳ ከልጇ ጎን ቆማ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ እልል ትላለች። እዚህ ክፍሌ ውስጥ የስልኬን ድምፅ ልቀንስ እጄን ሰደድኩና መለስኩት፤ እስኪያልቅ ሰማሁት።